ቬርና መንገዱ የተዘጋ ጊዜ

ቬርና ሃልቨርሰን በባሕር ዳሯ መንደራችን በግሬይሊን ቤይ ሠላሳ አራት ዓመት የእንጆሪ ፓይ፣ ማለትም እንጆሪ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር ኬክ፣ ጋግራ ሸጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላም ሱቋን በራሷ ጥረት አቆየች እንጂ የሰው እጅ አላየችም። ምላሷ ስል ነው፤ ልቧ ግን ቅቤ ነው።

ወደ እኛ የሚያመጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ተራራውን ታክኮ ይመጣል። በዚያ ዓመት ገና በሰኔ፣ በእኛ አገር በጋው ሲጀምር፣ ተራራው ላይ ደኑ ተቃጠለ። እሳቱ መንደራችን አልደረሰም። ነገር ግን ሥሮቻቸው የነደዱ ዛፎች ከነድንጋያቸው እየተንከባለሉ አስፋልቱ ላይ ይወርዱ ጀመርና መንገዱ ተዘጋ። "ለጥቂት ቀን ነው" ተባለ፤ ጥቂቱ ቀን አምስት ሳምንት ሆነ።

ቬርና ለበጋው ጎብኚዎች ብላ መቶ ስልሳ ፓይ ጋግራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደርድራ ነበር። በሯን ከፍታ ብትጠብቅ ከዝንብ በቀር የገባ የለም። በአራተኛው ቀን ጎረቤቷን ኤርልን ጠራችው። ኤርል ቅድመ አያቶቹ በዚሁ ባሕር ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ልጅ ነው።

"ያቺ ቆርቆሮ ጀልባህ ዛሬም ትንሳፈፋለች?"

"አንቺ ከተሳፈርሽባት እንጃ።"

"አፍህን ዝጋና ሞተሩን አስነሳ!"

ፓዮቹን ጭነው፣ በባሕሩ ዞረው፣ ከተዘጋው መንገድ ወዲያ ማዶ ወጡ። እዚያ መንገድ እስኪከፈት የቆሙ የጭነት መኪና ሾፌሮችና ፊታቸው ጥላሸት የለበሰ እሳት አጥፊዎች ነበሩ። ለሾፌሮቹ ሸጠችላቸው። እሳት አጥፊዎቹ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ግን ተቆጣች፦ "እጅህን አውጣና ብላ! የተራራዬን እሳት እያጠፋህልኝ ላስከፍልህ ነው እንዴ?" በሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ ተመላለሱ።

ደስ ይል ነበር፤ ሱቁን ግን አላዳነውም። አሥር ዓመት አብራት የጋገረችውን ናዲንን "እስቲ ለጊዜው ቤትሽ ቆዪ" ማለት ግድ ሆነባት። ያን ቀን ቬርና ምሳ አልበላችም።

መንግሥት በእሳቱና በመንገዱ መዘጋት ገበያ ላጡ ንግዶች ድጎማ እንደሚሰጥ የተሰማው በዚያው ሳምንት ነው። ኤርል ቅጹን ይዞላት መጣ።

"አልፈልግም። እኔ ለማኝ አይደለሁም" አለችው።

"ሠላሳ አራት ዓመት ግብር አምጪ እያለ ደጅሽ ላይ የቆመው ማን ሆነና! ለማኙስ መንግሥት ነበር። አሁን ተራው ያንቺ ነው።"

"ሂድ ወደዚያ!"

"እሺ፣ ለራስሽ አትሙዪው። ለናዲን ሙዪው።"

ቬርና ቅጹን ከእጁ ነጠቀችው። መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። "ንግድዎ ተቋርጦ ነበር?" ለሚለው ጥያቄ 'አዎ' እና 'አይደለም' የሚሉት ሁለቱም ሳጥኖች ላይ ምልክት አደረገችና በጎኑ "ሱቁ አዎ፣ እኔ አይደለሁም" ብላ ጻፈች።

ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። ከድጎማው ቢሮ ሃርሊን የምትባል ወጣት ናት።

"ወይዘሮ ሃልቨርሰን፣ ይቅርታ፣ 'አዎ' ወይም 'አይደለም' ነው መምረጥ ያለብዎት።"

"እውነቱ ሁለቱም ነው፣ ልጄ። በጀልባ ሸጫለሁ። ልደብቅልሽ ነው?"

"የሸጡበት ደረሰኝ አለዎት?"

"የሸጥኩት ተጽፏል። የሰጠሁት ግን ደረሰኙ እሳት አጥፊዎቹ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሄደሽ ፈትሺ።"

ሃርሊን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሳቋ ሲበርድላት ረጋ ብላ አስረዳቻት፦ የጀልባው ሽያጭ ከኪሳራው ላይ ይቀነሳል እንጂ ድጎማውን አያስከለክልም። "ባይነግሩን ኖሮ ግን ችግር ይሆን ነበር" አለቻት።

ገንዘቡ በነሐሴ ገባ። ቬርና ያሰበችውን ያህል አልነበረም፤ ለናዲን የመጪውን ክረምት ደመወዝ ግን ሸፈነ። ናዲን በማግስቱ ጠዋት ሽርጧን አድርጋ ገባች፤ ሁለቱም ሊጥ ያዙ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት! ቅጹን ለመሙላት ያፈረውን ነጋዴ ሁሉ እያስጠራች ሱቋ ውስጥ ታስቀምጠው ጀመረች። "ኩራትህን አጥፈህ ኪስህ ክተት፤ እስክሪብቶው ይኸው" ትላለች። ፀጉር አስተካካዩ ተሞላለት፤ የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት እያለቀሰች ተሞላላት። ዘጠኝ ሰው ጸደቀለት። ታንኳ አከራዩ ዴል ብቻ ንግዱን ዘግይቶ ስላስመዘገበ ተከለከለ።

ቬርና ደብዳቤ ጻፈች፣ ደወለች፣ ተቆጣች፤ አልሆነም። ስለዚህ ዴልን ራሷ ቀጠረችው። ክረምቱን ሙሉ ሊጥ ዳምጧል። የዴል ፓይ ጫፉ እንደ ጫማ ሶል ይጠነክራል፤ እኛም ቬርና እያየችን ስለሆነ ዝም ብለን እናኝካለን።