የእጀ ወርቅ ጋዋን ኪስ

ይህን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ስሙን እንኳ የሰማሁት አንዴ ነው፤ በሚሠራበት የሮቦት ወርክሾፕ ሁሉም የሚጠራው «እጀ ወርቅ» እያለ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎችን ሲበይድ ኖሯል። እሱ የነካው ሥራ ተበላሽቶ ተመልሶ አያውቅም ይባላል።

ታዲያ ያ እጅ ካለፈው ክረምት ወዲህ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በወርክሾፑ ደግሞ እጁ የተንቀጠቀጠ በያጅ ዕቃ ግምጃ ቤት ይላክና ብሎን እየለየ ጡረታውን ይጠብቃል። እጀ ወርቅ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሲበይድ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ትንፋሹን ይውጣል፤ ከሥራ ሲነሳ ቀኝ እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ይቀብራል።

«እጅህን ባንክ አስገባኸው እንዴ?» ይሉታል ባልደረቦቹ።

«ወርቅ አይደል? ይቀመጥ!»

የመጨረሻ ሥራው የሮቦት ዓይን ነበር። አሠራሩ ከእንቁራሪት ዓይን የተቀዳ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ለእሱ የለም፤ የሚንቀሳቀስ ካገኘ ግን የተተከለበትን አንገት አዙሮ ሙጥኝ ይላል።

ዓይኑ በተመረቀበት ቀን የነደፈችው ኢንጂነር የክብር እንግዳውን፣ «እርስዎ ብቻ ይራመዱልን፤ ሌላው ሰው ንቅንቅ አይልም» ብላ ለመነች። እንግዳው ግን ፎቶ አንሺውን ሲያዩ ደረታቸውን ነፍተው እንደ ሐውልት ቀጥ አሉ። ዓይኑ አላያቸውም። ዞረ፣ ዞረና የእጀ ወርቅ ኪስ ላይ ተተከለ።

እጀ ወርቅ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ፤ ዓይኑም ተከተለው። ጥግ ካለው ቁም ሳጥን ጀርባ ገባ፤ ዓይኑ አንገቱን አስግጎ ጠበቀው።

«አባቱን አወቀ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ውለታ የሚያውቅ ማሽን!» ብለው እንግዳው አጨበጨቡ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀድሞ የተዘጋጀው የምስጋና ወረቀትም ተሰጠው፤ «ለማይናወጥ እጁ» ይላል። በግራው ተቀበለ።

ኢንጂነሯ ብቻ አልሳቀችም። ስክሪኑ ላይ የኪሱ ጨርቅ እንደ ታሰረች ወፍ ሲርገበገብ አይታ ዓይኑን አጥፍታው ነበር። እንግዶቹ ሲወጡ ጠጋ አለችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ የበየዱት በዚህ እጅዎ ነው?»

«በማን እጅ ልበይድ ኖሯል?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እጀ ወርቅ የምስጋናውን ወረቀት አጣጥፎ እዚያው ኪስ ውስጥ ከተተው።

«እሷን ጥያቄ እንኳ ተዪልኝ፣ የኔ ልጅ።»