ከክርስትናዋ በፊት፦ ከእንጦጦ እስከ አያት ለክትባት

ንጋት፣ እንጦጦ ማርያም አጠገብ

ጭጋጉ ሳይነሣ ከቤት ወጣን። ልጄን ጸጋን ደረቴ ላይ አስሬ፣ ጋቢ ደርቤባት፣ ፊቷን ነፋስ እንዳያገኘው ጎኔን ለነፋሱ ሰጥቼ እየተራመድኩ ነው። የባለቤቴ እናት እማማ አስካለ ይከተሉኛል። ትናንት "አትሄጂም" ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቀድመውኝ ቆመው አገኘኋቸው።

"ያልተጠመቀች ልጅ ይዘሽ ብቻሽን አትወጪም" አሉ።

ጸጋ ዛሬ አርባ አምስት ቀኗ ነው። ሴት ናትና ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። በእኛ ቤት ሕፃን ሳይጠመቅ ከደጅ አይወጣም። ወንድ ብትሆን ኖሮ በአርባ ቀኗ ተጠምቃ ለአርባ አምስት ቀኑ ክትባት በደረሰች ነበር። ሴቷ ግን ሰማንያዋን ስትጠብቅ ክትባቱ ያልፋታል። ይህን ነገር ልብ ያልኩት እሷን ወልጄ ነው።

በዚያ ላይ ጸጋ ከቀኗ አንድ ወር ቀድማ ተወልዳለች። እማማ ዕድሜዋን የሚቆጥሩት መወለድ ከነበረባት ቀን ነው። "ገና የሁለት ሳምንት ልጅ እኮ ናት፤ ምኗ ላይ ነው መርፌ የሚወጉት?" ይላሉ። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። "ቀድማ ብትወለድም ክትባቷ የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ነው። ትንሽ በመሆኗ በሽታው ከሌላው ይልቅ ይበረታባታል፤ እንዳታዘገዪባት" አለችኝ። የሳንባ ነቀርሳውን ክትባት ብቻ ክብደቷ እስኪጨምር አቆዩት።

ያስቸኮለኝ ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሲያስል ሰነበተ። ትክትክ ነው ተባለ። ሲጀምረው ሳሉ አያቋርጥም፤ ፊቱ ይጠቁራል፤ መጨረሻ ላይ አየሩን እየጮኸ ይስባል። እሱ ሮጦ የሚጫወት ልጅ ነው። የጸጋ ደረት ግን መዳፌን አይሞላም።

የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው። አባ ጸጋን በመስቀላቸው ባረኳትና "ጥምቀቷ ሰማንያ ቀኗን ይጠብቃታል። ትክትኩ አይጠብቃትም። ይዛችኋት ሂዱ" አሉን። እማማ መስቀሉን ተሳለሙ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

በማርያም ደጅ ስናልፍ እማማ ገብተው ተሳለሙ። እኔ የአራስነቴ ቀን ስላልሞላ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ሰገድኩ። በባሕር ዛፉ መካከል ሯጮች ተከታትለው ያልፋሉ። እመቤቴን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፦ ሳትከተብ እንዳልመልሳት።

ቁልቁለቱ

ጉታ የሰፈራችን ሰው ነው። አሮጌ ላዳ አለው። እማማን በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፤ እሳቸውም በዚያው መለሱለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አራስ በዚህ ብርድ! ምን ገጠማችሁ?"

"ለክትባት ነው" አልኩት።

"ሰማንያዋ ሞላ እንዴ? ድግሱ ሳልጠራ አለፈኝ?"

"ምን ይሞላል! የዛሬ ልጆች መቼ ቀን ይቆጥራሉ?" አሉ እማማ። "አንተ ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ። የጫንከው እንጨት አይደለም።"

"እማማ፣ ይቺ መኪና ሳይለምኗት ቀስ ትላለች።"

ጠመዝማዛውን በፍሬን ወረድነው። የተቃጠለ ፍሬን ሲሸት እማማ መስኮቱን አስዘጉ። በየኩርባው ጸጋን በሁለት እጄ እደግፋለሁ፤ እሷ ተኝታለች። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ፀሐይ አገኘችን። ባለሱቆች የሐበሻ ቀሚሶችን እያወጡ በራቸው ላይ ይሰቅላሉ። ጉታ ማታ እዚሁ እንደሚጠብቀን ነግሮን ወረድን።

መገናኛ፣ ከዚያ ባቡሩ

በስድስት ኪሎ አድርጎ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። መገናኛ እንደ ሁልጊዜው ሰው በሰው ነው። የተጠበሰ በቆሎ፣ የስልክ ሽፋን፣ ካልሲ፣ ሙዝ በጋሪ። እማማ ከፊቴ ሆነው በክንዳቸው መንገድ ይከፍቱልኛል። "አራስ ናት! አራስ አሳልፉ!" ሲሉ ሰው ዞር እያለ ያሳልፈናል።

የአያት ባቡር ሞልቶ ነበር። አንዲት ቢሮ የምትገባ የምትመስል ሴት ተነሥታ ቦታዋን ሰጠችኝ። ወደ ጋቢው ጎንበስ ብላ፣

"ስታምር! ስንት ጊዜዋ ነው?" አለች።

"ሁለት ሳምንቷ" አሉ እማማ።

"አርባ አምስት ቀኗ" አልኩ እኔ፣ እኩል።

ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየች።

"እናትየዋ የትኛችሁ ናችሁ?"

በዙሪያችን የቆሙት ሳቁ። እማማ ብቻ አልሳቁም። መንገዱን ሁሉ ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ።

አያት፣ ጤና ጣቢያው በር

ቤታችን አያት ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ደረጃው ለአራስ ስለማይሆን ነው እማማ እንጦጦ ወስደው ያረሱኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንደ ወለዱኝ ነው የያዙኝ። የእርግዝና ክትትሌ ግን እዚህ ጤና ጣቢያ ስለነበር ለክትባቱም ወደዚህ መጣሁ።

በሩ ላይ የምትፈትሸው ሴት እጇን የሕፃን ልብስ የያዝንበት ቦርሳ ውስጥ ከታ ቆመች። ቀስ ብላ በጨርቅ የተጠቀለለ የወጥ ቤት ቢላዋ አወጣች። እንዳለ አላውቅም ነበር።

"እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?"

"የአራስ ነው" አሉ እማማ፣ ቀና ብለው። አራስ ከቤት ስትወጣ ብረት ትያዝ ይባላል፤ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት።

ፈታሿ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "እናቴም እንዲሁ ናት። ግን እዚህ ግቢ ስለት የሚይዙት ባለሙያዎቹ ብቻ ናቸው። እኔ ጋር ይቆይ፤ ስትወጡ እሰጥዎታለሁ።"

አግዳሚው ላይ

የክትባት ክፍሉ በር ክፍት ነው፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። ክትባቱን የምትሰጠው ሲስተር ሮማን ናት። ከፊታችን አንድ አባት ሁለት ልጆች ይዞ ገብቷል። ታናሹ ለኩፍኝ የመጣ የዘጠኝ ወር ልጅ ነው። ታላቁ ፊቱ ያበጠ ነው፤ የኩላሊት ሕመም አለበት፤ በየቀኑ ፕሪድኒሶሎን የሚባል ክኒን ይውጣል። አባትየው የታላቁ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ስላመለጠው አብሮ እንዲከተብ ፈለገ።

"ለእሱ ዛሬ አልሰጠውም" አለችው ሲስተር። "የኩፍኙ ክትባት የተዳከመ ቢሆንም ሕያው ነው። የሚውጠው መድኃኒት ደግሞ የሰውነቱን መከላከያ ያዳክማል። መቼ እንደሚወስድ ሐኪሙ ይንገርህ፤ ሌሎቹንም ክትባቶች ጠይቀው። ታናሹን ግን አሁን እከትበዋለሁ።"

"ታላቁን አይጎዳውም? አንድ አልጋ ላይ እኮ ነው የሚተኙት።"

"እንዲያውም ይጠብቀዋል። ታናሹ ኩፍኝ ካልያዘው ይዞበት አይገባም።"

ቀጥላ የገባችው ነፍሰ ጡር ነበረች። ለእሷ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ተሰጣት፤ በማሕፀን ላለው ልጅም ይተርፋል። የኩፍኝ ክትባት ወስዳ እንደማታውቅ ስትናገር "እሱን ከወለድሽ በኋላ" ተባለች። ከዚያ ንፍጡ የሚወርድ ሕፃን ገባ። ትኩሳቱ ተለካ፤ ጉንፋን ብቻ ስለሆነ ተከተበ። እማማ አንገታቸውን ወደ በሩ አስግገው ያዳምጣሉ።

የጸጋ ተራ

ሲስተር ሮማን ጸጋን ራቁቷን ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት።

"ጎሽ! ጨምራለች። የሳንባ ነቀርሳውንም ትወስዳለች።"

"ሲስተር፣" አሉ እማማ፣ "ትንሽ አይደለችም? ከወሯ ቀድማ እኮ ነው የመጣች። ቢያንስ ግማሹን ብትሰጫት?"

"እናት፣ ግማሽ መጠን ግማሽ እንኳን አይጠብቅም። ጤነኛ ናት፤ ጡት ትጠባለች፤ ሙሉውን ነው የምሰጣት።"

ጠየቀችኝ። በተወለደች ጊዜ የመተንፈስ ችግር ነበረባት? አንቀጥቅጧት ያውቃል? በእርግዝናሽ የኤች አይ ቪ ውጤትሽ ምን ነበር? ሁሉንም መለስኩ። የጎረቤታችንን ልጅ ሳልም ነገርኳት። ፊቷ ከበደ። "ልጁ ነገውኑ ሐኪም ይየው። እሷን ከእሱ አርቋት። በዛሬው ክትባት ብቻ እንዳትተማመኑ፤ ሦስቴ መውሰድ አለባት። የሚቀጥለው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው።"

በአፏ ጠብታዎች ሰጠቻት፤ አንዱ ለፖሊዮ፣ አንዱ ለተቅማጥ። ከዚያ በሁለቱ ጭኖቿ ወጋቻት። አንዱ መርፌ ትክትኩን ከአራት ሌሎች በሽታዎች ጋር የያዘ ነው፤ ሌላው ለሳንባ ምች። ጸጋ ጮኸች። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጡቴን ሰጠኋት፤ ዝም አለች።

"የሳንባ ነቀርሳው ግን ቆይ" አለች ሲስተር። "አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ሕፃናት ነው። ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ዛሬ ለእሱ የመጡት ጸጋን ጨምሮ ሁለት ብቻ ናቸው። አራት አምስት ካልሞሉ አልከፍተውም። ሐሙስ ብትመለሺ ጥሩ ነው።"

ሐሙስ። ዛሬን ያወጣኋት በስንት ልመና ነው። ሐሙስ ማን ያስወጣኛል?

"እጠብቃለሁ" አልኳት።

"የሚመጣ ላይኖር ይችላል።"

"እጠብቃለሁ።"

"ካልሽ እስከ ምሳ ሰዓት ጠብቂ።"

እማማ ቆመው ሲሰሙ ቆዩ። "ቀረ ማለት ነው?" አሉኝ።

"አንዱ ቀረ።"

"ከእንጦጦ ድረስ ወርደን ለጎዶሎ?" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ተቀይመው ወደ ባቡሩ የሄዱ መሰለኝ።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ጸጋ ተኛች። እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ከበሩ በኩል የእማማን ድምፅ ሰማሁ። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ሕፃን ታቅፈው ይከተላሉ፤ አንዷ ገና የሌሊት ልብሷን በጋቢ ሸፍናለች።

የሆነውን በኋላ ተረኩልኝ። ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሄደው የየብሎኩን ዘበኛ "አራስ ያለበት ቤት የትኛው ነው?" ብለው ጠየቁ፤ ልጆቻቸው ያን ክትባት ያልወሰዱትን ለይተው አመጡ። አንዷን ከካራ ለዘመድ ጥየቃ መጥታ አገኟት፤ ይህችኛዋን በኦሮምኛ ነው ያሳመኗት። የሌሊት ልብስ የለበሰችው ሴት ልጅ የወለደች ናት፤ "ሰማንያዋን እየጠበቅሁ ነው" ብትላቸው፣

"የእኛዋም አልሞላላትም። እኔ በዚህ ጉልበቴ ከእንጦጦ ወርጃለሁ፤ አንቺ ደረጃ መውረድ አቃተሽ?" አሏት።

ሲስተር ሮማን ሕፃናቱን አየች፤ እማማን አየች። ሄዳ ጠርሙሱን አመጣች።

ጸጋ ክንዷ ላይ ተወጋች። "ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ቁስል ታወጣለች" አለችን ሲስተር። "ቅቤም ቅጠልም እንዳታደርጉባት፤ ራሱ ይድናል። ዛሬ ትንሽ ብታተኩስ አትደንግጡ። ግን ጡት እምቢ ካለች፣ ትንፋሿ ከተቆራረጠ ወይም ካንቀጠቀጣት ሰዓት ሳታዩ ወደ ሐኪም።" ለጥቂት ጊዜ እዚያው አቆይታ ዳግመኛ ካየቻት በኋላ አሰናበተችን። ይህ ሁሉ ክፍያ የለውም። አምላክ ላዘጋጁልን ሁሉ ይክፈላቸው።

መመለስ

እማማ ቢላዋቸውን ከፈታሿ ተቀበሉ፤ ጉታም እንዳለው ሽሮ ሜዳ ጠበቀን። ነገ የጎረቤታችንን ልጅ ከነእናቱ ሐኪም ዘንድ እንዲያወርድ ዳገቱ ላይ ተስማማን። እማማ ከፊት ተቀምጠው በጣቶቻቸው አንጓ ይቆጥራሉ። እኔ አስቀድሜ ቆጥሬዋለሁ። አራት ሳምንት ሲጨመር ሰባ ሦስት ቀን ነው። ሰማንያ አይሞላም።

ቤት ስንደርስ የእማማ ታላቅ እኅት እትዬ በላይነሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

"አስካለ፣ እውነት ነው? ሳትጠመቅ አወጣሻት?"

"አወጣኋት። የዛሬ አራት ሳምንትም አወጣታለሁ። ያን ጊዜም አልተጠመቀችም።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ቀጠሮው ማለዳ ነው። የሚለው ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ይምጣና ዳገቱን እየወረድን ያጫውተኝ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ግቢ፣ ብርድ ነው" አሉኝ።

ገባሁ። ጋቢውን ፈታሁ። ገላዋ ሞቅ ብሏል፤ ትንፋሿ ደህና ነው። ልብሷን አላላሁላት። ጡቴን ፈልጋ ያዘች፣ በደንብ ሳበች። ተመስገን።