ከአሥር ዜሮ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ልጄ ኤልዳና የሁለት ወር ክትባቷን በወሰደችበት ቀን፣ እዚሁ ኩዌት ነው። ቀኑን የማልረሳው ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ልጄን ለሌላ ሰው አሳቅፌ በአውሮፕላን ልልካት ተስማምቼ ስለነበር ነው። ማንም አላስገደደኝም። ለእሷ የሚሻላት እኔ የሌለሁበት ቤት ነው ብዬ አምኜ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ላስረዳ። አስተማሪ ነኝ። ማንጋፍ ሰፈር ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ አርብ አርብ ደግሞ በቤት ኅብረታችን ለሚሰበሰቡ ወላጆች ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። ሥርዓት እወዳለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ አይጠፋም። ባለቤቴ ዳዊት የአንድ ድርጅት ኤሌክትሪሺያን ነው። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል።

አገር ቤት አራስ ብቻዋን አትተውም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ሕፃኑን የሚቀበል እጅ አይጠፋም። እኛ ግን እናቶቻችን ሩቅ ናቸው። በወለድኩ በአራተኛው ቀን ዳዊት ወደ ሥራው ሲመለስ፣ እኔና ኤልዳና ከአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ጋር ብቻችንን ቀረን።

እኔም የማውቀውን አደረግኩ። ደብተር ገዛሁና ሰንጠረዥ አሰመርኩ። አንዱ ዓምድ የጡት ሰዓት፣ አንዱ የዳይፐር፣ አንዱ የእንቅልፍ። በመጨረሻው ዓምድ ላይ “እናት” ብዬ ጻፍኩ። በየቀኑ ለራሴ ከአሥር ማርክ መስጠት ጀመርኩ። ለምን እንዳደረግኩት አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያኔ ግን ትክክለኛ ሥራ መስሎኝ ነበር። ተማሪ የሚሻሻለው ውጤቱን ሲያይ ነው እያልኩ አይደል የማስተምረው?

የመጀመሪያው ሳምንት ሰባትና ስድስት ነበር። ከዚያ ወረደ። ኤልዳና ስታለቅስ፣ ድምፅዋ ከታችኛው ፎቅ፣ ከሌላ ሰው ቤት የሚመጣ ይመስለኛል። አጠባታለሁ፣ ገላዋን አጥባለሁ፣ ሰዓቱን እመዘግባለሁ። ሰዎች የሚያወሩለት ደስታ አልመጣም። እሷ ተኝታ እንኳ እኔ አልተኛም። እህል አፌ ውስጥ እንደ ወረቀት ሆነብኝ። ከሁሉ የባሰው፣ ልጄን አይቼ “ምስኪን፣ እኔ ደረስኩብሽ” ማለት ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ዓምዱ ላይ ዜሮ ብቻ ነው ያለው። በቀይ።

በዚህ መሃል የኅብረታችን ታላቅ እህት፣ እህት አበባ፣ ለእረፍት ወደ አገር ልትሄድ ሆነ። ሳባህ አል-ሳሌም የሚባለው ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ስንታመም ሾርባ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ቤቴን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ዳዊትን ወደ በረንዳ ጠራችው።

“ልጅቷን ይዣት ልሂድ። ሆሳዕና አያቷ ጋ ትደግ። ስንቱ ልኮ የለም እንዴ? እሷም ሥራዋን ትያዝ፣ ሲሻላት ታመጧታላችሁ።”

ዳዊት በተከፈተው በር በኩል ፊቴን አየ። እኔም “ይሻላል” አልኩ። የኤልዳና ፓስፖርት ወጣ። ልጃቸውን መላክ ግድ በሆነባቸው እናቶች ላይ እንደማልፈርድ እዚህ ላይ መናገር እፈልጋለሁ። የእኔ ግን ግድ አልነበረም።

የክትባቱ ዕለት፣ እዚህ ሁላችንም መስተውሰፍ ወደምንለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እንደ ልማዴ ከቀጠሮዬ አርባ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ኤልዳና ተወጋችና ጮኸች። እኔ ደግሞ ወጥቼ የሴቶች መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ደብተሬን ከፈትኩና የመርፌውን ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። ልጄ እቅፌ ውስጥ እየጮኸች የዕለቱን ዜሮ አስቀድሜ ሞላሁ።

“አንቺ እናት፣ ልጅሽ እኮ እያለቀሰች ነው” የሚል አማርኛ ከጎኔ ሰማሁ።

የቤት ሠራተኛ ናት። ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራለች፣ ጉንጩ የተነፋ የኩዌት ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። የማዳሟ ልጅ ነው፤ እሱም ተከትቦ አሁን ብስኩት ያኝካል።

“አውቃለሁ” አልኳት።

“ካወቅሽማ ምን ትጽፊያለሽ?”

“የተማሪ ውጤት ነው።”

አንገቷን ሰገግ አድርጋ ደብተሬን አየች። በጣቷ ቀዩን ዓምድ ወደ ታች ተከተለች።

“ኧረ በማርያም! ከየት ያመጣሻት ተማሪ ናት? በየቀኑ ዜሮ?”

ቀዩን እስክሪብቶ ከደንኩት።

“እውነት ግን፣ እንዲህ ያለች ተማሪ ስትገጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ? ታባርሪያታለሽ?”

“አላባርርም። ጠርቼ ምን እንደሆነች እጠይቃታለሁ” አልኩ። አስተማሪ ነኝና መልሱ ቶሎ መጣልኝ። ግን አረፍተ ነገሩን ስጨርስ ድምፄ ተሰበረ።

ሴትየዋ ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ ኤልዳናን ከእቅፌ ወስዳ ትከሻዋ ላይ አደረገቻትና፣ ቀስ ብላ “በይ እሺ፣ ምን ሆንሽ?” አለችኝ።

በሁለት ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለ ጡቱ፣ ስለ ክብደቷ፣ ስለ እንቅልፏ የጠየቀኝ ብዙ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። የአውሮፕላኑን ነገር ጭምር።

ስሟ ወርቄ ነው። ከመንዝ ነው የመጣችው። ሰምታኝ ስትጨርስ ምንም አልደነገጠችም።

“ማዳምም እንዲህ ሆና ነበር” አለች። “የዚህን ታላቅ ስትወልድ። በሩን ዘግታ ትቀመጣለች፤ ልጁን ሳመጣላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እናትየዋ ዓይን ነው አሉ፣ ቁርኣን አስቀሩባት። እህቷ ቅብጠት ነው አለች። ኋላ ሐኪም አየቻትና በሽታ ነው አለች። የወሊድ በሽታ! ክኒን ሰጠቻት። እኔ ነበርኩ በሰዓቱ የማስውጣት።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ አንድ ቀን ኩሽና ወርዳ፣ ሩዙ ጨው በዛበት ብላ ጮኸችብኝ። ድስቱን እንደያዝኩ እልል ልል ነበር! ተመስገን፣ ማዳም ተመለሰች አልኩ።”

ሳላስበው ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ደብተሬ ውስጥም የለም።

“እንኳን ማርያም ማረችሽ” አለችኝ ያኔ። የተለመደውን ምላሽ ስታጣ ደግሞ አይታኝ፣ “ምነው፣ ጴንጤ ነሽ እንዴ?”

“አዎ።”

“ይሁና! እሷ እንደሆነች ጴንጤ ነሽ ብላ አትተውሽም። ተነሺ፣ ዶክተሯ ጋ እንግባ።”

ስልኳ ጠራ። ማዳሟ ናት። ወርቄ ሁለት ሕፃናት እንደተሸከመች ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ያዘችና “ዘህማ፣ ማዳም! ዋይድ ዘህማ!” አለች። ሰው በጣም በዝቷል ማለቷ ነው። መጠበቂያው ውስጥ ከእኛ ሌላ ሦስት ሴቶች ነበሩ። ሾፌሩ ውጪ ይጠብቃታል፤ እሷ ጉዳይዋን ከጨረሰች ቆይታለች። ይህ ውሸት ቢታወቅ ምን ሊያስከትልባት እንደሚችል ሰው ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል።

የዶክተሯን በር ራሷ አንኳኳች። እኔ እንግሊዝኛም አረብኛም እችላለሁ፤ የሰው አረብኛ ሲሳሳት ማረምም ልማዴ ነው። ያን ቀን ግን አንድ ቃል አልወጣልኝም። ወርቄ በኩሽና አረብኛዋ “ዶክቶራ፣ ሃዲ ማማ ታባን! ዋይድ ታባን!” አለችልኝ። ይህች እናት ታማለች፣ በጣም ታማለች። ሰዋስው ስለ መኖሩ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ዶክተሯ ጥቂት ጥያቄዎች ጠየቀችኝ። አንዱ ራሴን ወይም ልጄን ለመጉዳት አስቤ እንደማውቅ ነበር። ልጄን በፍጹም አልኳት። እኔ ባልኖር እንደሚሻላት ግን ደጋግሜ እንዳሰብኩ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ሕመም እንደሆነ፣ ስንፍናም የእምነት ማነስም እንዳልሆነ፣ እንደሚድን አስረዳችኝ። ለዳዊት ራሷ ደወለችለት። በዚያው ቀን ወደ ባለሙያ ላከችኝ፤ ለምታጠባ እናት የሚስማማ መድኃኒትና በየሳምንቱ የምክር ቀጠሮ ተሰጠኝ።

ከዶክተሯ ክፍል ስወጣ ወርቄ ኤልዳናን አስተኝታልኛለች። ስልክ ቁጥሯን ነገረችኝ፣ “ጽሑፍ ላይ ሰነፍ ነኝ፣ ቮይስ ላኪልኝ” አለችና ሕፃኑን አቅፋ ወደ ሾፌሩ ሮጠች።

ያን ዕለት ዳዊት ፈቃድ ጠይቆ በጊዜ መጣ። ደብተሩን ሰጠሁት። ገጹን እየገለጠ ቆሞ አነበበ።

“እኔ እኮ የጡት ሰዓት ብቻ መስሎኝ ነበር” አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ገጾቹን እንደገና ከመጀመሪያው አነበባቸው። ከዚያ ወዲህ ክኒኔን በጠዋት ከውሃ ጋር የሚያቀርብልኝ እሱ ነው፤ አርብና ቅዳሜ ደግሞ ኤልዳናን ይዞ እኔን ያስተኛኛል።

በረራው ሁለት ቀን ሲቀረው እህት አበባ ሾርባና የሻንጣ መመዘኛ ይዛ መጣች። የኤልዳናን ልብስ ልትመዝን ነው።

“ልጄ አትሄድም” አልኳት።

“ምን ማለትሽ ነው? ቲኬቱ ተቆርጦ?”

“ይሰረዝ። ታምሜያለሁ፤ ሕክምና ጀምሬያለሁ። ልጄ እዚሁ እኔ ጋ ትሆናለች።”

የክኒኑን ፓኮ ጠረጴዛው ላይ አየችው። አንስታ ወደ ዓይኗ አቀረበችው። “የጭንቀት ክኒን? ምነው ልጄ! ይህ እኮ በጸሎት የሚለቅ ነው። በይ ደብቂው፣ ሰው እንዳያይብሽ። ነገ እብድ ናት ቢሉሽ ማን ልጁን ይሰጥሻል ለትምህርት?”

በሌላ ጊዜ አንገቴን እደፋ ነበር። እህት አበባን አከብራታለሁ፤ አሁንም አከብራታለሁ።

“ለስኳርዎ ጠዋትና ማታ ክኒን ይውጡ የለም እንዴ?” አልኳት።

“እውጣለሁ።”

“ይጸልያሉስ?”

“እንዴት አልጸልይ!”

“እኔም እንደዚያው ነው። እጸልያለሁ፣ እውጣለሁ። አልደብቅም።”

ዳዊትን ተመለከተች፤ እንዲያግዛት ነው። እሱ ኤልዳናን አቅፎ “እናቷ እንዳለችው ነው፣ እህት አበባ” አለ። መመዘኛዋን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ሾርባውን ቀዳችልኝ። “በይ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ” አለችኝ። ጠጣሁ።

መድኃኒቱ በአንድ ቀን አልሠራም። ሳምንታት ፈጀ፣ አንዳንዱ ሳምንት ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሳል። በዚያን ጊዜ ሁሉ ወርቄ፣ ማዳሟ ስትተኛ፣ ከኩሽና ቮይስ ትልክልኝ ነበር። “ዛሬስ ተማሪዋ ምን አለች?” ትለኛለች። እኔም ዜሮውን ትቼ የሆንኩትን እነግራታለሁ። አንድ ጠዋት ኤልዳና ስታስነጥስ በራሷ ድምፅ ደነገጠችና ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ሳቅኩ። ሳቄን አይታ እሷም ሳቀች፤ ድድ ብቻ የሆነ ሳቅ። ድምፅዋ ከታችኛው ፎቅ አልመጣም። ጭኔ ላይ ነበረች።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ዳዊት ላይ ጮህኩበት። ንጹሑን ልብስ ከቆሻሻው ጋር ቀላቅሎ አጣጥፎ፣ ካልሲዎቹንም ሳያጣምር መሳቢያ ውስጥ ወርውሯቸው ነበር። “ስንት ጊዜ ነው ቦታ ቦታቸውን የማስረዳህ?” አልኩት። እሱ ካልሲ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ይስቃል። የወርቄን የሩዝ ታሪክ ነግሬው ነበርና “ተመለስሽ!” አለኝ።

አሁን ኤልዳና ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። እኔም ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። በኅብረታችን ምስክርነት ስጡ ሲባል የደረሰብኝን ሳልቀንስ ተናገርኩ። አንዳንዱ ፊቱን አዞረብኝ። ሁለት እናቶች ደግሞ ሊፍት ውስጥ ጠብቀውኝ ዶክተሯ የምትገባበትን ቀን ጠየቁኝ። ፊቱን ባዞረብኝ ሰው አላዝንም፤ ለሁለቱ ስል እንደገና እናገራለሁ።

መድኃኒቴን ገና አላቆምኩም፤ የማቆምበትን ጊዜ የምትወስነው ሐኪሟ ናት። እንግዳ ሲመጣም ከጠረጴዛው ላይ አንስቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር ግን ልጄ መራመድ ጀመረችና ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። ስለዚህ ወደ ቡፌው የላይኛ መደርደሪያ አወጣሁት፣ ብርጭቆዎቹ አጠገብ፣ ከመስታወት በሩ ጀርባ፣ ቁልፉንም ቆለፍኩ። የልጄ እጅ አይደርስበትም። ሶፋው ላይ ለተቀመጠ እንግዳ ግን በደንብ ይታያል።