ይደገማል

ሬዲዮ ጠጋኙን ሰፈሩ «ምላስ» ብሎ ይጠራዋል። ቅጽል ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ለፍላፊ ጠብቆ ይመጣና፣ የተበላሸ ሬዲዮውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ ከአንገት ንቅናቄ ሌላ መልስ ሳያገኝ ይወጣል። ስሙን ያወጡለት ቢራ በየቤታቸው የሚጠምቁ ጓደኞቹ ናቸው። አንዲት ጉንጭ ቀምሶ፣ ብቅሉ ከልኩ በላይ መቆላቱን ወይም እርሾውን ሙቀት እንደመታው ይነግራቸው ነበር፤ ያውም ከሁለት ቃል ሳያልፍ።

ጠማቂዎቹ እሁድ ከሰዓት ከመካኒኩ ጋራዥ ጀርባ ይገናኛሉ። መቀመጫው አሮጌ ጎማ ነው፤ ጠረጴዛው ደግሞ ከጭነት መኪና የወለቀ በር፣ እጀታው እንኳ ያልተፈታ። ሁሉም ጠርሙሱን ይዞ ይመጣና ሰሞኑን ምን እየጠጣ እንደከረመ ያወራል። መካኒኩ ጥቁር ቢራውን ያመጣል፣ ነርሷ የዝንጅብል መጠጧን። አንድ ደንብ አላቸው፦ የሰው ድካም «መጥፎ ነው» አይባልም። መጥፎው «ይጠጣል» ይባላል፤ ጥሩው «ይደገማል»። «ይደገማል» የተባለለትን ደግሞ ሁሉም ሰው ሁለተኛ ብርጭቆ የመጠጣት ግዴታ አለበት።

ከሁሉም ቀድመው ጠመቃ የጀመሩት ጋሽ ሹፌር ናቸው። አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው በቅርቡ ጡረታ ወጥተዋል። ቢራቸው ግን አንድም ቀን «ይጠጣል»ን ተሻግሮ አያውቅም። «ይሁን፣ መንገድ ላይ ነው» ይላሉ፣ እንደ ዘገየ አውቶቡስ።

ከጥቂት ወራት በፊት ሬዲዮ ጠጋኙን አንድ ክፉ ጉንፋን ያዘው። ጉንፋኑ ሲሄድ ጣዕሙንም ሽታውንም ይዞበት ሄደ። ልብስ ሰፊ ሚስቱ ሾርባ ላይ ጨው ሁለቴ ጨምራ፣ እሱ ሳህኑን አሟጦ ሲያስቀምጥ አየችና ነገሩ ያኔውኑ ገባት።

«ለጓደኞችህ ንገራቸው» አለችው።

«ምላስ የሌለው ምላስ ምን ሊባል ነው?»

«ስም አይጠፋም። እኔ አወጣልሃለሁ።»

አልነገራቸውም። ሰው መሃል የሚቀመጥባት ቦታ ያቺ የእሁዷ ጎማ ብቻ ነበረች፤ የተቀመጠባትም ስለሚቀምስ ነው። ስለዚህ በሬዲዮ ጠጋኝ ጆሮው መዳኘት ጀመረ። ቆርኪው ሲነሳ የሚያሰማውን ትንፋሽ ያዳምጣል፣ አረፋው ሲከስም የሚያወጣውን ሹክሹክታ ይለካል፣ ከዚያ የሌሎቹን ጉሮሮ አይቶ ይፈርዳል። አንድም ሰው አልጠረጠረም።

አንድ እሁድ ጋሽ ሹፌር ጠርሙሳቸውን በሁለት እጅ ይዘው መጡ።

«ይሄ ለልጄ ሠርግ የጠመቅኩት ነው። ቅዳሜ እንግዳ ሁሉ ይጠጣዋል። መጀመሪያ አንተ ቅመሰው፣ ምላስ።»

ቆርኪው ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ። አረፋውም ቶሎ አልከሰመም። ሬዲዮ ጠጋኙ አንድ ጉንጭ ወሰደ፤ አፉ ውስጥ የገባው ቀዝቃዛና እርጥብ ነገር ነው፣ ከዚያ ያለፈ አላወቀም። ቀና ሲል የሽማግሌውን ዓይን አየ። ከንፈራቸውን አብረውት እያንቀሳቀሱ ነበር። አንጀቱን በሉት።

«ይደገማል» አለ።

ጋሽ ሹፌር ቀስ ብለው ጎማቸው ላይ ተቀመጡ።

መካኒኩ ጠጣና አንድ ዓይኑ ተጨፈነ። «ጠንከር ያለ ነው» አለ።

ነርሷ ዋጠች፣ ደረቷን በእጇ ደገፈች። «ሆን ተብሎ ጎምዘዝ የሚደረግ ቢራ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለው መሆን አለበት።»

«መቼም ምላስ ካለ አለ ነው» አለ መካኒኩ። በደንቡ መሠረት ሁለተኛው ብርጭቆ ተቀዳ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና እሱንም ጨረሱት።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ሹፌር የሸለሙትን የተጋመሰ ጠርሙስ ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ኮምጣጤውን ለምን ገዛኸው? አለን እኮ» አለችው።

«የጋሽ ሹፌር ቢራ ነው።»

ተነስታ ቆርኪውን ከፈተች፣ አሸተተች፣ መልሳ ዘጋች። «ለሰላጣ ይሆናል።»

ሰውየው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ነገሩን ሁሉ ነገራት፣ ሠርጉንም ጭምር።

«ዝም አይነቅዝም ይባላል» አለ ሲጨርስ።

«ዝም አይነቅዝም። ቢራው ግን ኮምጥጧል» አለችና ጃኬቱን አቀበለችው።

ጋሽ ሹፌርን ሳሎናቸው ውስጥ በሣጥኖች ተከበው አገኛቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ በየጠርሙሱ ላይ ነጭ ወረቀት በሙጫ እየለጠፉ ነበር። ወረቀቶቹ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ይደገማል» ይላል። የደረቁት በመስኮቱ ሥር ተደርድረዋል።

«ና ልጄ፣ እንኳን መጣህ። ሙጫውን ያዝልኝ።»

ሙጫውን ያዘላቸው። አንድ ጠርሙስ ተለጠፈ። ሌላም ተለጠፈ።

«ጋሼ፣ ቢራው ኮምጣጤ ሆኗል።»

«ማን አለ?»

«ሚስቴ።»

«አንተ ይደገማል ብለህ የለም እንዴ?»

«እኔ አልቀምስም። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም ጣዕም አይሰማኝም፣ አይሸተኝም። ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።»

ጋሽ ሹፌር መነጽራቸውን አወለቁ። አንድ ጠርሙስ ከፍተው ለራሳቸው ቀዱና፣ የሰውን ፍርድ ትተው የቀዱትን ቀመሱ። ቀስ ብለው ዋጡት።

«ቢራው የሚቀዳበትን ቱቦ አልቀቀልኩትም» አሉ። «ልጅቷን ልሸኝ ነው ብዬ ልቤ እዚያ ሆኖ ነው።» ቀጥለውም፣ «ድሮ ይጠጣል ስትለኝስ?»

«ያኔ እቀምስ ነበር።»

«ስለዚህ እሱ እውነት ነው።»

«እውነት ነው ጋሼ።»

«ደግ ቃል ከአፍህ የወጣው ምላስህ ከጠፋ በኋላ ነው ማለት ነው።»

እስኪመሽ ድረስ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ቧንቧ ሥር ደፉ። ወረቀቶቹን ግን ጋሽ ሹፌር አላላጧቸውም።

ሠርጉ በተገዛ ቢራ አለፈ። በማግሥቱ እሁድ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋራዡ ደረሰና በሩ ላይ እንደቆመ እውነቱን ለሌሎቹም ተናገረ።

«እኔ እኮ ያኔም ጉሮሮዬን ልጦኝ ነበር» አለ መካኒኩ።

«ታዲያ ሁለት ብርጭቆ ለምን ጠጣህ?» አለችው ነርሷ።

«ደንብ ነዋ። አንቺስ?»

ነርሷ የዝንጅብል መጠጧን ቀዳች።

ሬዲዮ ጠጋኙ እንደቆመ ነው። «ግባ» ያለው ሰው አልነበረም፣ «ውጣ»ም ያለው የለም። ጋሽ ሹፌር ከቦርሳቸው አንድ ጠርሙስ አወጡ፤ ያው ወረቀት አለበት፣ «ይደገማል»ን በአንድ መስመር ሰርዘውታል። ቀዱና ብርጭቆውን በር ድረስ ወስደው ሰጡት።

«አዲስ ነው፣ ገና ሳምንቱ። ቱቦውን ቀቅያለሁ። በምንህ እንደምትፈርድ እንጃ።»

ብርጭቆውን ወደ ጆሮው አስጠጋ። አረፋው ቸኩሎ ይከስማል፤ ታች የቀረው ድምፅ የለሰለሰ ነው። «ይደገማል» ቢል በጋሽ ሹፌር ፊት ላይ የሚያየው ደስታ እንዴት ያምር ነበር።

«ምን ይላል?» አሉት።

«ይጠጣል ይላል።»

ጋሽ ሹፌር ብርጭቆውን ተቀብለው ቀመሱ። አሰብ አደረጉ።

«እውነቱን ነው» አሉና፣ አንዱን ጎማ በእግራቸው ገፋ አድርገው አስጠጉለት።