የተኛው መስኮት

አባቴ ግድግዳ ያዩ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከቀትር በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ፣ በትራስ ደግፌ ቀና ሳደርጋቸው ዓይናቸውን በነጩ ግድግዳ ላይ ይተክሉና «ታንኳ እያለፈ ነው» ይሉኛል። ሌላ ቀን ደግሞ «ዛሬ ዘጌ ጉም ለብሳለች» ይላሉ። ግድግዳው ምስማር እንኳ የሌለበት ባዶ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ወደ ራሳቸው የወጣ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ኋላ ግን እኔም ወንበሬን ከአልጋቸው አስጠግቼ አብሬያቸው ማየት ጀመርሁ።

እብደት አልነበረም። በዚያ ግድግዳ ውስጥ መስኮት ነበረ፤ አልተከፈተም እንጂ። ግንበኛው ሲሠራው «ይተኛ» ስላለ እኛም የተኛው መስኮት እንለው ነበር። ለምን እንደተኛ ልናገር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ባሕር ዳር ያለው ቤታችን ከጣና ዳር ሁለተኛው ነው። ከእኛ ቀጥሎ የጎረቤታችን ግቢ፣ ከዚያ ደንገሉ፣ ከዚያ ውሃው። ጎረቤታችን ዓሣ እየበለቱ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ባለቤታቸው ጀልባ ይሠሩ ነበር። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ተወልደው፣ ዘጌ አስተምረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ እኔ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። በሁለቱ ግቢዎች መካከል እስከ ደረት የማይደርስ ያረጀ የቅንጭብ አጥር ነበረ። አባቴ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው እዚያ ይቆማሉ፤ ጎረቤቶቻችንን ሰላም ሳይሉ ቁርስ አይቀምሱም። ስለ ዓሣው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ዘጌ ቡና ይጨዋወታሉ። ወዲያ ማዶ «አልሐምዱ ሊላህ» ወዲህ ማዶ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባባሉ፣ በእንቅልፍ ልቤ ለምሰማቸው ለእኔ አንድ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማዳምጠው ያንን ነው።

አንድ ክረምት አባቴ ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አልጋ ሆነ ኑሯቸው። የነበሩበት ክፍል ጨለማና ጠባብ ስለነበር፣ መጸዳጃው ቅርብ የሆነ አንድ ክፍል ልጨምርላቸው ወሰንሁ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መስኮቱ ወደ ዘጌ ይሁን» አሉኝ።

ፔዳ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ንድፍ ሠሪ ካርታችንን ዘርግቶ አየና ክፍሉ ከአጥሩ ጋር ካልሆነ ሌላ ቦታ እንደሌለው ነገረኝ። እዚያ ላይ ደግሞ ሕግ አለ። ወሰን ላይ የሚያርፍ ግድግዳ መስኮት አይኖረውም። መስኮት ካስፈለገ ከወሰኑ ሁለት ሜትር መሸሽ ነው፤ አለዚያ ጎረቤት ተስማምቻለሁ ብሎ መፈረም አለበት። ሁለት ሜትር ብንሸሽ የሚተርፈው ክፍል አልጋ አያስገባም። ስለዚህ የስምምነቱን ወረቀት አትሞ ሰጠኝና ፊርማ ማምጣት ቀላል ነው አለኝ።

ቀላል ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ጀልባ ሠሪው ሞቱ። ወረቀቱን በኮቴ ኪስ ይዤ ለቅሶ ደረስሁ፤ በኮቴ ኪስ እንደያዝሁት ተመለስሁ። የሰውዬው አፈር ሳይደርቅ «ፈርሙልኝ» ትላለች ይሉኛል ብዬ ነው። ማን ነው የሚለኝ? እንጃ። አርባው ይውጣ አልሁ። አርባው ሲወጣ ደግሞ ቀን ስትቆጥር ነበር እንዳልባል ፈራሁ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ደጅ ካስቆሙት ዓመት ይቀመጣል። ዝናቡ ሊገባ ሲል ንድፍ ሠሪው መወሰን አለብሽ አለኝ፤ እኔም በቃ ያለ መስኮት ይሁን አልሁት። ማዘጋጃ ቤቱም እንዲሁ አጸደቀው።

ግንበኛው አባቶቹ ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ፣ እሱ ግን ወደ ብሎኬት የዞረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ የንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ስሙን በሰሌዳ ጽፎ ነበር። የግብር ገማቾቹ የሠራቸውን ቤቶች ዞረው አይተው የባለቤቶቹን ሀብት በእሱ ላይ ጻፉበት። ክረምቱን ሙሉ እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጥ ያየለት የለም። «ሲሚንቶ የነካ እጅ ሁሉ ሀብታም ይመስላቸዋል» ይላል ሲያወራ፤ ይስቃል እንጂ ቅር እንዳለው ያስታውቃል። ፈቃዱን መልሶ፣ ሰሌዳውን የዶሮ ቤት በር አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚመጣለት በሰው አፍ ነው።

ይህ ሰው ነው አባቴን አይቶ ያዘነው። መስኮቱ ሊሆንበት ከሚገባው ቦታ በላይ አርማታ አጋደመ፤ ከሥሩ ያለውን ክፍት ቦታ ግን ያለ ሲሚንቶ፣ በጭቃ ብቻ በብሎኬት ሞላው። ከዚያ ለሰነ፣ በኖራ ቀባ። ከውስጥም ከውጭም አይታወቅም።

«ሕግም ሰውም ይለወጣል። ግድግዳ ግን ከደረቀ በኋላ አይለወጥም» አለኝ። «ስለዚህ ይተኛ። ቀኑ ሲደርስ በእጅ ብቻ እናነቃዋለን።»

ብዙ ቤት እንዲህ እንዳደረገ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ በዘንባባዎቹ ሥር ስሄድ ባዶ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር ቆሜ አስባለሁ። የትኛው ውስጥ መስኮት ተኝቷል? የትኛው ውስጥ በር? ከተማዋ እንዳለች ዓይኗን ከድና፣ አንድ ቀን ሁሉንም አብራ የምትገልጥ ይመስለኛል። እንዲህ እያሰብሁ ባጃጅ ሊገጨኝ የደረሰበት ቀን አለ።

ክፍሉ ካለቀ በኋላ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚመዘግቡ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። ከውጭ ለኩ፣ ከውስጥ ለኩ፣ አንደኛው ቀና ብሎ ይህ ክፍል መስኮት የለውም እንዴ ብሎ ጠየቀ።

«አለው፤ ተኝቷል» አሉ አባቴ ከአልጋቸው።

አለቀልን አልሁ። አባቴ ውሸት አይችሉበትም፤ በዚህ ዕድሜያቸው ሊለምዱም አይፈልጉም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ለታመሙ ሽማግሌ በማዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «መስኮት የለውም» ብለው ጽፈው ሄዱ። ማታ አባቴ ራሳቸው ሳቁበት።

እኔን ግን ያ ቀን ሌላ ፍርሃት አሳደረብኝ። ጎረቤታችን ሊጠይቋቸው ቢገቡ አባቴ ያው እውነቱን ይነግሯቸዋል፤ እኔም በስውር መስኮት የሠራች ሌባ ሆኜ እቀራለሁ። ስለዚህ በበዓል በበዓል ብቅ ሲሉ ሳሎን አስቀምጬ ሻይ አቀርባለሁ፤ «የኔታስ?» ሲሉኝ ተኝተዋል እላለሁ። አንድ ሁለቴ ወደ ክፍሉ በር አይተው ሻያቸውን ጨረሱ። እየቆየም እግራቸው አጠረ። አባቴም «እኒያ ደግ ሴት ጠፉ» ሲሉ ሥራ በዝቶባቸው ነው እላቸዋለሁ። አባቴ ባዶው ግድግዳ ላይ ዘጌን የሚያዩት፣ እኔ እንዲህ እየዋሸሁ በነበረበት ዘመን ነው።

በሦስተኛው ዓመት ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ አሸዋና ብሎኬት ተራገፈ። ለተማሪ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠሩ እንደሆነ ተሰማ። ሐይቁ ዳር መገንባት ክልክል ስለሆነ ያላቸው ቦታ ከእኛ ግድግዳ ሥር ብቻ ነው። የእኛ ግድግዳ መስኮት ስለሌለው ደግሞ ተጣብቆ መሥራት ይፈቀድላቸዋል፤ ፕላናቸውም እንዲያ ሆኖ ጸደቀ። ነገር ግን አልጀመሩም። ወራት አለፉ፤ ዶሮዎች አሸዋው ላይ ይንከባለሉ ጀመር። እኔ ሲሚንቶ ተወዶባቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ማፈር ሲገባኝ።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ግንበኛው መጣ። ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ። ሥራውን የያዘው እሱ ነው፤ የጎረቤታችን የግንባታ ፈቃድ ሳይጀመርበት ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ቀን ስለቀረው በማግስቱ መሠረት ሊቆፈር ነው። መስኮቱስ ብዬ ጠየቅሁት።

«ከዚያ በኋላ አይነቃም» አለኝ።

ለምን ለእሳቸው እንዳልነገራቸው ብጠይቀው፣ የአንዱን ቤት ምስጢር ወደ ሌላው የሚያዞር ግንበኛ ሥራ አያገኝም አለ። እውነቱን ነው።

አባቴ ሁሉንም ሰምተዋል። ወደ ክፍላቸው ስገባ፣ ጠዋት ሄጄ እለምናለሁ አልኋቸው።

«ተዪ ልጄ» አሉኝ። «ሴትዮዋ የሙት ልጆች ያሳድጋሉ፤ እንጀራቸው ነው። እኔ ዘጌን በቃሌ አውቃታለሁ።»

መጽሐፉን ሁሉ በቃላቸው ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ሲሉ ማጽናናታቸው ነው። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ከግድግዳው አዞሩ። ወጥቼ ማድ ቤት ውስጥ አለቀስሁ። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፣ የሚያየኝ ሰው አልነበረምና እስኪወጣልኝ አለቀስሁ።

ጠዋት ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ፣ የት አልቆ የት ሰማይ እንደሚጀምር አይታወቅም ነበር። ያንን ወረቀት ከአሮጌው ኮቴ ኪስ አወጣሁት፤ በእጥፋቱ ላይ እንደ ጨርቅ ለስልሷል። ጎረቤታችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ይበልታሉ። ዙሪያ ጥምጥም ሄድሁ፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ጉሙ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ። እሳቸው ቢላቸውን ሳያቆሙ አዎ፣ አዎ ይሉኛል። የምለው ሲያልቅብኝ ቀና አሉ።

«ስለ መስኮቱ ነው የመጣሽ?»

ወረቀቱን አሳየኋቸው።

«የጀልባ ሠሪ ሚስት እኮ ነኝ። የተጣበቀና ያልተጣበቀ ለይቼ አውቃለሁ። ግንበኛው በጭቃ ሲሞላው ከዚህ ሁኜ አይቸዋለሁ።»

ታዲያ ለምን ዝም እንዳሉኝ ጠየቅሁ።

«አንቺ የደበቅሽውን እኔ እንዴት ላንሳው? ነውር አይደል? ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አሸዋው ይኸው ሣር አበቀለ።» ቢላቸውን አስቀመጡና ፈገግ አሉ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲሉ አልሰማሽም?»

እጃቸውን በውሃ ታጥበው፣ በቀሚሳቸው አድርቀው፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ሁለት ሜትር እለቃለሁ፣ የመስኮቱንም ፊት ክፍት እተዋለሁ፣ ክፍሎቹ ይጥበቡ አሉ። እኔ ኪራዩ ይቀንስብዎታል ስል፣ ጣሪያና ግድግዳው ሲያንስ ግብሩም ያንሳል ብለው አሳቁኝ። ይሉኝታዬን ሊያቀሉልኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ልሄድ ስነሳ ግን ሳቃቸው ጠፋ።

«አንድ ነገር ብቻ። የኔታን ለምን ከለከልሽኝ?»

ይቅር በሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በትከሻዬ ይዘው አስቀሩኝ።

ንድፍ ሠሪው ወረቀቱን ማዘጋጃ ቤት አስገብቶ ፈቃዱን አስተካከለ፤ የጎረቤታችንም መሠረት ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ሸሽቶ ቀኑ ሳያልፍ ተቆፈረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግንበኛው መጥቶ ልስኑን በመሮ ላጠና ብሎኬቶቹን አንድ በአንድ በእጁ አወጣቸው። ጭቃው ደርቆ ስለነበር እንደ ዱቄት ይረግፋል። መጀመሪያ የገባው ነፋሱ ነው፤ የደንገልና የዓሣ ሽታ ይዞ። ቀጥሎ ብርሃኑ አልጋው ላይ ወደቀ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ሲገልጡ ሐይቁ ተዘርግቷል፤ በስተማዶ የዘጌ ጫካ ጠቁሮ ተኝቷል። ከመስኮቱ ሥር በተተወችው ሁለት ሜትር ላይ ጎረቤታችን ሻሻቸውን እያስተካከሉ ቆመው ነበር።

አባቴ ክርናቸውን ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ፤ ደገፍኋቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሩቅ አገር ለተመለሰ ሰው በሚሉት ሰላምታ፣ «እንደምን ከረሙ?» አሉ።

«አልሐምዱ ሊላህ፣ የኔታ። እርስዎስ እንደምን ከረሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ረጅም ጊዜ አወሩ፤ ስለ ጀልባ ሠሪው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ነፋሱ። እኔ ደጋግሜ ወደ ማዶ አያለሁ፣ አባቴ ግን ዞር ብለው አላዩም። በመጨረሻ ትራሱን ወደ ግቢው አዙሪልኝ አሉኝ። ዘጌስ አልኋቸው።

«እሷን በቃሌ አውቃታለሁ ብዬሽ የለ» አሉኝ። «የረሳሁት የሴትዮዋን ፊት ነበር።»