የተዘለለችው መስመር

ሲ ቡጀማ ከጠዋት ጀምሮ የሰጢፍ ከተማን ሆስፒታል ኮሪደር በእግሩ ሲለካ አረፈደ። ወደ መስኮቱ ሃያ ስምንት እርምጃ፣ ወደ በሩ ሃያ ስምንት። ሚስቱ ዙሊኻ የሐሞት ጠጠር ይዟት ስድስት ቁጥር ክፍል ተኝታለች፤ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገና ትገባለች። የቀረው የባል ፊርማ ነው። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ተጽፏል፤ እሱ ደግሞ የማያነበውን አይፈርምም።

"ሐጂ፣ ሁሉም ሰው እኮ ፈርሞ ነው የሚሄደው" አለው ነርሱ።

"እኔም አንዴ እንደ ሁሉም ሰው ፈርሜ ነበር።"

የዛሬ አርባ ዓመት፣ የሐዲድ ሠራተኛ ሳለ፣ ፉርጎ እግሩን የጨፈለቀውን ወንድሙን ተሸክሞ እዚሁ መጥቶ ነበር። "እዚህ ጋ" አሉት፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። አጥንቱን የሚጠግኑለት መስሎት ነበር። ወንድሙ ሲነቃ አንድ እግር ብቻ ቀርቶታል። ምናልባት መቆረጡ ግድ ነበር፤ ወንድሙ ግን እስኪሞት ድረስ "አንተ ነህ የፈረምከው" ከማለት አልቦዘነም። ሲ ቡጀማ በስድሳ አንድ ዓመቱ መስጊዱ ጎን በተከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብቶ የዐረብኛ ፊደል ቆጠረ።

ሐኪሟ ኢናስ የጎረቤቱ የፍራሽ ሰፊው ልጅ ናት፤ ሌላው በአክብሮት "ሲ" ሲለው፣ እሷ እንደ አጎቷ "ዓሚ" ትለዋለች።

"ዓሚ ቡጀማ፣ በቃል አስረድቼዎት የለ? ተራው ካለፈ ሳምንት መጠበቅ ነው።"

"ባንዲራው የኛ፣ ሆስፒታሉ የኛ፣ አንቺም የሰፈራችን ልጅ። ፈረንሳይ ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ ወረቀቱ ብቻ የማን ነው?"

ኢናስ ፊቷ ቀላ። "ሕክምና የተማርኩት በፈረንሳይኛ ነው። በዐረብኛ ጽፌው አላውቅም፤ እንዳልሳሳት እፈራለሁ።"

"እኔም ክፍል ስገባ ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። ጻፊው።"

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሦስቴ እየሰረዘች ጻፈችለት። እሱም ጣቱን ከየቃሉ ሥር እያስኬደ አነበበ። አራተኛው መስመር ላይ ደም ብዙ ሊፈስ እንደሚችል፣ ከባሰም ነፍስ ሊያሰጋ እንደሚችል ተጽፏል። ጣቱ እዚያው ቆመ። ማንበብ ከቻለ የሚረጋጋ መስሎት ነበር።

ወደ ክፍሏ ሲገባ ዙሊኻ ዓይኗን ገለጠች። "ፈረምክ?"

"እያነበብኩ ነበር።"

"የሚቀደደው የማን ሆድ ነው? ያንተ? በል ጮክ ብለህ አንብብልኝ።"

አነበበላት። የሐሞት ከረጢቷ እንደሚወጣ፣ ሁለት ቀን እንደምትተኛ። ወረቀቱን አጠፈ።

"ጣትህ አንድ መስመር ዘለለ" አለች።

"አንቺ ማንበብ የት ታውቂና?"

"ማየት አውቃለሁ፣ አንተ ሽማግሌ። ያኔ አንተን እንዳደረጉህ ልታደርገኝ ነው?"

ሲ ቡጀማ ወረቀቱን መልሶ ዘረጋ። አራተኛዋን መስመር እየተንተባተበ አነበባት። ዙሊኻ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"ቀለሙን ያምጡልኝ። እኔ ነኝ የማትመው።"

ኢናስ ጽሑፉን በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ መጣች፤ እሷ ቀለሙን ያዘችላት፣ እሱ ወረቀቱን። አውራ ጣቷን አሳረፈች። አልጋውን እየገፉ ወሰዷት።

ሲ ቡጀማ ኮሪደሩን እንደገና መለካት ጀመረ። ሃያ ስምንት ወደ መስኮቱ። ከኪሱ የኢናስን ረቂቅ አውጥቶ ያቺን መስመር አነበባት፤ ሃያ ስምንት ወደ በሩ፣ ደግሞ አነበባት።