የኦቦ ቱፋ የላባ ዝንቦች

ልጅ ሳለሁ የሰበታ ሰው ዓሣ አጥማጅን ከእብድ ብዙም አይለየውም ነበር፤ ይልቁንም ኦቦ ቱፋን፣ በትል ሳይሆን በዶሮ ላባ የሚያጠምዱትን። ቤታቸው ከእኛ ግቢ በታች፣ ወንዙ ዳር ነበር። ከብት ከገባ በኋላ እኛ የሰፈር ልጆች ምድጃቸውን ከበን እንቀመጣለን። ያኔ መብራት እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ኩራዙ ጣሪያውን ጥላሸት እያለበሰ ይጨሳል፣ የባሕር ዛፉ ፍም ይንጣጣል፣ እሳቸው ደግሞ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የአውራ ዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ በቀጭን ክር እየጠመጠሙ ዓሣ የሚያታልል ዝንብ ይሠራሉ። ላባውን የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ። እናቴ አውራ ዶሮዋ አንገቱ ተነጭቶ ስታገኘው «ይኼ ዶሮ በቁሙ ለወጥ የሚዘጋጀው ለማን ነው?» እያለች ግቢውን ትዞራለች።

ኦቦ ቱፋ በወጣትነታቸው ባሌ ሄደው የአንድ ፈረንጅ ዕቃ ተሸካሚ ነበሩ። ፈረንጁ እዚያ ካለ ቀዝቃዛ ወንዝ ትራውት የሚባል፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ የተረጨበት ዓሣ ያጠምድ ነበር። ተረታቸው ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ወንዝ ነው፤ ጅቡም ጭራቁም ዞሮ ዞሮ እሱን ሳይሻገር ታሪኩ አያልቅም።

«ፈረንጁ ዓሣውን ይይዝና አገላብጦ ያየዋል፤ ከዚያ ይለቀዋል» ይሉናል።

«ሳይበላው?» እላለሁ እኔ።

«ሳይበላው።»

«ታዲያ ያበደው እሱ ነው አንቱ?»

«ያንቺ ምላስ መንጠቆ ቢሆን ኖሮ የአዋሽ ዓሣ ባለቀ ነበር!» ብለው ይስቃሉ።

አንዱ ተረት ግን አያስቅም ነበር። ድንጋይ ሥር የሚኖር አንድ ያረጀ ዓሣ ነበር አሉ። ቀይም ወርቃማም ላባ ቢጥሉለት ብቅ ይልና አይቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ኦቦ ቱፋ ተስፋ ቢቆርጡ ከአሮጌ ጋቢያቸው ክር መዘው፣ ግራጫ ላባ ጨምረው፣ አስቀያሚ ዝንብ ሠሩ፤ በዚያ ሰሞን ውሃው ላይ ይረግፍ ከነበረው ትንኝ የማይለይ። ዓሣው ሳይጠራጠር መጣ።

«ያማረ ውሸት አያጠምድም፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የሚያጠምደው፣ ሲጠብቅ የቆየውን የሚመስለው ነው።»

እንደ ፈረንጁ ጌታቸው አድርገው ለቀቁት። ዓሣው ግን ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ፤ አንድ ዓይኑ ወደ እሳቸው እንደዞረ። እዚህ ሲደርሱ ፍሙን ይቆሰቁሳሉ። እኔም ቤቴ ገብቼ ብርድ ልብስ ስከናነብ ያ ዓይን ያየኝ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ምድጃ ዳር ነው። ትምህርት ቤት የተላኩት ወንድሞቼ ናቸው፤ እኔ ስኳርና ጨው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየዘረጋሁ፣ ከእነሱ አፍ እየነጠቅሁ ተማርኩ። የመጀመሪያ አድማጬ ኦቦ ቱፋ ነበሩ። ግማሹ የተቀደደ ዜና ሳነብላቸው እንደ ወንጌል ጸጥ ብለው ይሰሙኛል።

ዓመታት አለፉ። እኔ ወልጄ ከበድኩ፤ እሳቸውም አረጁ፣ እዚያው ወንዛቸው ዳር። ዋና ከተማውን ወደ እኛ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ረብሻ የተነሳ ጊዜ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ፤ የጎማው ጭስ ልብሳችን ውስጥ ያድር ነበር። ተኩስ ሲሰማ ልጆቼን አልጋ ሥር እከታለሁ። በዚያ ሳምንት ኦቦ ቱፋ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው በአጥሩ በኩል መጡ።

«አንብቢልኝ እስቲ። መሬቴን አይነኩም፣ አይደል?»

ደብዳቤው አጭር ነበር። ይዞታው ለልማት ይፈለጋል፤ ቅሬታ ካለ በአሥር ቀን ውስጥ ይቅረብ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ዱላቸውን ጨብጠዋል። እውነቱን ብነግራቸው ያን ዱላ ይዘው ወታደር ፊት እንደሚቆሙ አወቅሁ፤ ከሦስት ቀን በፊት የጎረቤታችን ልጅ በዚያ መንገድ ሄዶ አልተመለሰም።

«አይነኩም፤ ለመለካት ብቻ ነው ይላል» አልኩ። ፊታቸው ሲፈታ ሳይ ነው ያ ግራጫ ዝንብ ትዝ ያለኝ።

ነገ ሲረጋጋ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በነጋታው ተኩስ ነበር። ከነገ ወዲያ ደግሞ ልጄ ታመመች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥሩ ቀን አለቀ። ቆይቶ በሬዲዮ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ሲባል ጎረቤቱ እልል አለ፣ እኔም በልቤ ተገላገልኩ አልኩ። የእሳቸው ደብዳቤ ግን አልቀረም። ዶዘሩ የወንዙን ዳር ይዞ መጣ።

ቤቱ በፈረሰ ማግስት ሱሉልታ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ልትወስዳቸው መጣች። ዕቃውን መኪና ላይ አስጭና፣ ሰፈርተኛው ቆሞ እያየ ደብዳቤውን ይዛ ፊቴ ተገተረች።

«አንቺ አይደለሽም ያነበብሽላቸው? ቅሬታ አቅርቡ ይላል እኮ! ምነው ጨከንሽ?»

ገበያ መሀል ሦስት ነጋዴ በአንዴ በምላሴ የማስለቅስ ሴት፣ መኪናው ላይ የተጫነውን ዕቃ መቁጠር ያዝኩ። የመለሱላት ኦቦ ቱፋ ናቸው፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው።

«ተያት። እሷን ማን አስተማራት? ፊደሉን ከመሬት ነው የለቀመችው። የመንግሥት ጽሑፍ ከብዷት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አይዞሽ ኢንተለ ኮ። ከብዶሽ ነው፣ አይደል?»

«አዎ» አልኩ። «ከብዶኝ ነው።»

ክረምቱ ሳይወጣ እዚያው ሱሉልታ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ዛሬም አነባለሁ፤ በሬን ዘግቼ። ደብዳቤ የደረሰው ጎረቤት ሁሉ ደጄን አልፎ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ፍለጋ ይሄዳል። «እሷማ የት ታውቅና!» ሲሉ ይሰማኛል። ሰው በአንዲት ቃል ሲሳሳት የማላልፍ ሴት፣ ይኼን ግን አንድም ቀን አላረምኩም።